ፒዩር ዳታና ጄም በድሬዳዋ፦ ፎቶን በቪዲዮ ላይ ለምንደርብ ሰዎች

ሥራዬ የሠርግ፣ የምረቃና የመታሰቢያ ዝግጅቶች ስክሪን ነው። ከመድረኩ ጀርባ በተወጠረው ሸራ ላይ የሚያልፈውን ምስል አዘጋጃለሁ፤ ዝግጅቱ ሲካሄድም ላፕቶፔ ፊት ተቀምጬ እመራዋለሁ። ድሬ ውስጥ ይህን የምንሠራ ሰዎች አብዛኞቻችን ፎቶውን በቪዲዮ ማቀናበሪያ ቪዲዮው ላይ ደርበን፣ አንድ ፋይል አድርገን አውጥተን፣ አዳራሽ ውስጥ እንከፍተዋለን። ሠርግ ግን በፋይል ርዝመት አይሄድም። ሙሽሮቹ ይዘገያሉ፣ ሽማግሌው ምርቃቱን ያስረዝማሉ፣ ዘፋኙ ሕዝቡ የወደደለትን ዘፈን ደግሞ ደጋግሞ ይዘፍነዋል። ፋይሉ አልቆ ጥቁር ስክሪን ሲመጣ ደግሞ ሰው ሁሉ ዞሮ የሚያየው ኦፕሬተሩን ነው።

ስለዚህ እኛ የሚያስፈልገን ፎቶና ቪዲዮን እዚያው አዳራሽ ውስጥ፣ እንደ ሁኔታው፣ በእጅ የሚያዋህድልን ነገር ነው። እኔ ፒዩር ዳታን ከጄም ጋር ይዤ መሥራት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ በእኛ ዓይነት ኮምፒውተርና በእኛ ዓይነት ኢንተርኔት ለዚህ ሥራ ከሞከርኳቸው ሁሉ የሚበልጥብኝ እሱ ነው። በአማርኛ ስለሱ የተጻፈ ነገር ፈልጌ ስላላገኘሁ የማውቀውን በዝርዝር ላስቀምጥ።

ፒዩር ዳታ የፕሮግራም መሥሪያ ነው፤ ኮዱ ግን መስመር በመስመር አይጻፍም። ባዶ ነጭ ገጽ ይከፈትላችኋል፤ በላዩ ትንንሽ ሳጥኖች ታስቀምጣላችሁ፤ በየሳጥኑ ውስጥ የአንድ ሥራ ስም ትጽፋላችሁ፤ ከዚያ ሳጥኖቹን በገመድ ታያይዛላችሁ። ገመዱ ከላይኛው ሳጥን ግርጌ ወጥቶ በታችኛው አናት ይገባል። የዘረጋችሁት ሥዕል ራሱ ፕሮግራሙ ነው፤ "ፓች" ይባላል። ይህን የጀመረው ሚለር ፓኬት ነው። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፓሪስ በሚገኘው ኢርካም በተባለ የሙዚቃ ምርምር ተቋም ማክስ የተባለውን የሙዚቃ ፕሮግራም የሠራው እሱው ሲሆን፣ ፒዩር ዳታን በ1990ዎቹ አሜሪካ፣ ሳንዲያጎ ሆኖ ጀመረው። መነሻው ሙዚቃ ነው። ምስልና ቪዲዮን የሚጨምርለት ጄም የተባለው ተጨማሪ ነው፤ ማርክ ዳንክስ ጀመረው፣ ኋላም ኦስትሪያ፣ ግራትስ የሚኖረው ዮሃነስ ዝሞልኒግ ከሌሎች ጋር ሆኖ ይዞት ቀጠለ። የሁለቱም የምንጭ ኮድ ክፍት ነው፤ ክፍያ የላቸውም፤ በገንዘብ ስለምትሠሩበትም የሚጠይቃችሁ የለም።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለእኔ ትልቅ ነው። በዚህ ዘርፍ ስሙ የገነነው ተችዲዛይነር ነው፤ ካናዳ ውስጥ ዴሪቬቲቭ የተባለ ድርጅት ይሠራዋል። በጣም ጎበዝ ፕሮግራም ነው፤ እያንዳንዱ ሳጥን በውስጡ የሚሆነውን ምስል በትንሹ ያሳያችኋል፤ ይህ ፒዩር ዳታ ላይ የለም፣ ቢኖር ደስ ባለኝ። ግን ነጻው ፈቃድ ለንግድ ላልሆነ ሥራ ብቻ ነው፤ የምስሉም መጠን ከ1280 በ1280 ፒክስል አያልፍም። ጠንከር ያለ የግራፊክስ ካርድም ይፈልጋል። ድሬ ካለው ታይዋን ከሚባለው ገበያ በሁለተኛ እጅ የተገዛ፣ 4 ጊጋ ራም ያለው፣ የተለየ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ ይዞ ሠርግ የሚሠራ ሰው የሚያየው ሌላ ሒሳብ ነው። ፒዩር ዳታ በዚያ ላፕቶፕ ላይ ይነሣል። የሚወርደው ፋይል በስልክ ዳታ የሚቻል ነው፤ አንዴ ከወረደ በኋላ ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ በፍላሽ ለጓደኛ ይሰጣል።

አጫጫኑ እንዲህ ነው። ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ የተባሉት የሊነክስ ዓይነቶች ያላችሁ ሁለቱንም ከሲስተሙ የፕሮግራም ማከማቻ ታገኟቸዋላችሁ። ዊንዶውስ ላይ መጀመሪያ ፒዩር ዳታን ትጭናላችሁ፤ ከዚያ ከሜኑው ውስጥ "ፋይንድ ኤክስተርናልስ" የሚለውን ተጨማሪ መፈለጊያ ከፍታችሁ ጄም ብላችሁ ትጽፋላችሁ፤ ራሱ አውርዶ ያስቀምጠዋል። ፒዩር ዳታው ባለ 64 ቢት ከሆነ ጄሙም ባለ 64 ቢት መሆን አለበት። በመጨረሻ ጄም አብሮ እንዲነሣ በመነሻ ምርጫዎቹ ውስጥ ስሙን መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ይህ ከተዘለለ ሳጥኖቹ በተቆራረጠ መስመር ተከበው ይቀራሉ፤ አልታወቁም ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። መጀመሪያ መስኮቱን የሚከፍተው ሳጥን አለ፤ ጄምዊን። "ክሬት" የሚል መልእክት ሲደርሰው መስኮቱ ይከፈታል፤ ቀጥሎ 1 ሲደርሰው ሥዕሉ መሣል ይጀምራል። ከዚያ እያንዳንዱ ምስል የራሱ የሳጥኖች ሰንሰለት አለው። የቪዲዮው ሰንሰለት ከላይ ወደ ታች ጄምሄድ፣ ፒክስ ፊልም፣ ፒክስ ቴክስቸር፣ ሬክታንግል ነው። ጄምሄድ "ከዚህ ጀምር" ይላል፤ ፒክስ ፊልም ከቪዲዮው አንድ ፍሬም (ቪዲዮው ከተሠራባቸው ተከታታይ ምስሎች አንዱን) ያነባል፤ ፒክስ ቴክስቸር ያንን ፍሬም ወደ ግራፊክስ ካርዱ ይልካል፤ ሬክታንግል ደግሞ በአራት ማዕዘን ላይ ይለጥፈዋል። የፎቶው ሰንሰለትም ያው ነው፤ በፒክስ ፊልም ቦታ ፒክስ ኢሜጅ ይገባል። (ስሞቹ በላቲን ፊደል ነው የሚጻፉት፤ "ፒክስ" የሚለው ከቀጣዩ ቃል ጋር በታች መስመር ይያያዛል።)

የጄም መሃል ዜሮ ነው፤ በተለመደው አቀማመጥ ከመሃሉ ወደ ላይ 4፣ ወደ ታች 4 ይታያል። ስለዚህ 16 በ9 የሆነ ስክሪንን ሙሉ ለመሸፈን ሬክታንግሉ 7.11 እና 4 ይሰጠዋል። ይህን ቁጥር ቀድሜ የነገርኳችሁ ብዙ ሰው በግምት እየጎተተ ፎቶውን ስለሚያጠፍጥፈው ነው። የአንድን ሰው አባት ፊት አወፍሮ ወይም አቅጥኖ በአደባባይ ማሳየት ነውር ነው።

ፎቶውን በቪዲዮው ላይ ለመደረብ ሁለት መንገድ አለ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የሥራው ሁሉ ቁም ነገር ያለው እዚህ ነውና።

አንደኛው መንገድ ሁለቱ ምስሎች ወደ ግራፊክስ ካርዱ ከመሄዳቸው በፊት ፒክስል በፒክስል ማደባለቅ ነው። ፒክስ ሚክስ፣ ፒክስ አድ፣ ፒክስ መልቲፕላይ የሚባሉት ሳጥኖች ይህን ያደርጋሉ። ሁለቱ ምስሎች አንድ መጠንና አንድ ዓይነት የቀለም አደረጃጀት እንዲኖራቸው ይፈልጋሉ፤ ቪዲዮ ብዙ ጊዜ በሌላ አደረጃጀት ስለሚመጣ በመሃሉ ፒክስ አርጂቢኤ የተባለውን ሳጥን ማስገባት ያስፈልጋል። ስሌቱን የሚሠራው ዋናው ፕሮሰሰር ነው። እስቲ ሒሳቡን እንየው፦ 1280 በ720 የሆነ አንድ ፍሬም፣ ለእያንዳንዱ ፒክስል 4 ባይት ሲያዝለት 3.7 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። በሰከንድ 25 ፍሬም ሲሆን ከ92 ሜጋባይት ያልፋል፤ ይህም ለአንዱ ምስል ብቻ ነው። 1920 በ1080 ከሆነ በሰከንድ ከ207 ሜጋባይት በላይ ነው። ፕሮሰሰሩ ቪዲዮውን ከመፍታት ሥራው ጋር ይህን ሁሉ ማባዛትና መደመር አለበት።

ሁለተኛው መንገድ ሁለቱን ሰንሰለቶች ለየብቻ መተውና አንዱ በሌላው ላይ እንዲሣል ማድረግ ነው። ማዋሃዱን የሚሠራው ግራፊክስ ካርዱ ነው፤ በላፕቶፕ ውስጥ የሚመጣው ተራው እንኳ ይህን ያለ ድካም ይሠራል፤ ተፈጥሮውም ለዚሁ ነው። ለዚህ ሦስት ነገር ይፈለጋል። አንደኛ፣ ተራ ማስያዝ፦ ጄምሄድ አጠገቡ ቁጥር ይቀበላል፤ ትንሹ ቁጥር ቀድሞ ይሣላል፤ ካልሰጣችሁት 50 ነው። ቪዲዮውን 40፣ ፎቶውን 60 በሉት። ስስ የሆነ ነገር ምንጊዜም ከጀርባው ካለው በኋላ መሣል አለበት። ሁለተኛ፣ ርቀት፦ ሁለት አራት ማዕዘኖች አንድ ቦታ ላይ ካሉ ኮምፒውተሩ የትኛው ከፊት እንደሆነ ግራ ስለሚገባው ፎቶውን ትራንስሌት ኤክስዋይዜድ በሚባለው ሳጥን 0 0 0.01 ብላችሁ በጥቂቱ ወደ ተመልካቹ አስጠጉት። ሦስተኛ፣ ፎቶው ሰንሰለት ላይ አልፋ የሚለውን (ምስሉ እንዲሳሳ የሚፈቅደውን) ሳጥንና ከለር አርጂቢ የሚለውን ሳጥን ከሬክታንግሉ በላይ አስገቡ። የከለር አርጂቢ የመጨረሻው የቀኝ መግቢያ የፎቶው መሳሳትና መወፈር ነው፤ 0 ሲሆን ፎቶው የለም፤ 1 ሲሆን ቪዲዮው ከጀርባው አይታይም፤ 0.5 ሲሆን ሁለቱ እኩል ናቸው።

በድሬ ሙቀት ይህ ልዩነት ምቾት ብቻ አይደለም። ግንቦትና ሰኔ ላይ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ላፕቶፕ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ጠዋት ቤት ውስጥ ያለችግር የሄደ ፓች፣ አዳራሹ በሰው ሲሞላ ይንቀረፈፋል። ፒክስ ሚክስን የያዘ ፓች መጀመሪያ የሚወድቀው ያኔ ነው። ስለዚህ ዋናውን ሸክም በሁለተኛው መንገድ ወደ ግራፊክስ ካርዱ ማሻገር እዚህ አገር ግዴታ ነው ብዬ እመክራለሁ።

ግን የመጀመሪያውም መንገድ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ለምን እንደሆነ ከአንድ ሥራ ጋር ልንገራችሁ።

ከዚራ ውስጥ በተደረገ አንድ የቅልቅል ምሽት ላይ የሙሽራዋ እናት የሟች አባታቸው ፎቶዎች ስክሪን ላይ እንዲታዩላቸው ፈለጉ። አባትየው ዕድሜያቸውን በምድር ባቡሩ ጥገና ክፍል የሠሩ ሰው ነበሩ። ይህቺን ከተማ ባቡሩ እንደወለዳት ታውቃላችሁ፤ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1902 (እ.ኤ.አ.) እዚህ ሲደርስ ነው ድሬ ከተማ መሆን የጀመረችው። ፎቶዎቹ ጥቁርና ነጭ ናቸው፤ አንዱ ላይ ከባልደረቦቻቸው ጋር ባቡር ተደግፈው ቆመዋል፤ ሌላው ላይ ነጭ ጋቢ ለብሰው ከልጆቻቸው ጋር ተቀምጠዋል። እኔ የአሮጌውን ጣቢያ ፊት ለፊትና የከዚራን ዛፎች ረፋድ ላይ በቪዲዮ ቀርጬ ነበር። ሐሳቡ የትናንቱ ሰው በዛሬው ጣቢያ ላይ እንዲታይ ነው።

ለእናትየው ሦስት ዓይነት ድርብ ሠርቼ ቤታቸው ሄጄ አሳየኋቸው። የመጀመሪያው መደመር ነው፤ የፎቶው ብርሃን በቪዲዮው ብርሃን ላይ ይጨመራል። በመደመር ጥቁር ማለት ዜሮ ነው፤ ምንም አይጨምርም፤ ስለዚህ የፎቶው ጥቁር ክፍል ይጠፋና ከጀርባው ያለው ቪዲዮ ይታያል። ነጩ ክፍል ደግሞ ይጎላል። እናትየው አዩትና፣ "አቦ ልጄ፣ ጋቢው አለ፣ አባዬ ግን የለም!" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ፊታቸው ጥቁር ስለሆነ በፊታቸው ውስጥ የዛፍ ቅጠል ይታያል፤ ጋቢያቸው ግን እንደ መብራት ያበራል። ስለ ምስል ማዋሃድ በየቦታው የሚታዩት ማሳያዎች መደመርን የሚያሳምሩት በነጣ ቆዳ ወይም በጨለማ ዳራ ላይ ስለሚያሳዩት ነው። የእኛን ሰው ፎቶ ይዞ፣ የድሬን የረፋድ ፀሐይ ከጀርባ አድርጎ መደመርን የሚመርጥ ሰው ፊቱን ነው የሚያጠፋው።

ሁለተኛው ማባዛት ነው፤ የዚያ ተቃራኒ። በማባዛት ነጭ ማለት አንድ ነው፤ ያባዙትን አይለውጥም። የፎቶው ነጭ ክፍል ይጠፋል፤ ጥቁሩ ይቀራል። አሁን የአባትየው ፊት፣ ዓይናቸው፣ የግንባራቸው መስመር ሁሉ በጣቢያው ነጭ ግድግዳ ላይ ተሥሎ የቀረ መሰለ። ጋቢው ግን ወደ ግድግዳው ገባ፤ ቅርጹ በጥላውና በጥለቱ ብቻ ይታወቃል። ሦስተኛው ተራው የአልፋ ድርብ ነው፤ ግማሽ በግማሽ። ፊቱም ጋቢውም አሉ፤ ሁለቱም ግን ደብዝዘዋል፤ ቪዲዮውም ደብዝዟል።

እናትየው የመረጡት ማባዛቱን ነው፤ "ይሄኛው ይሁን፣ እሱ ራሱ ነው" አሉ። እኔም ከዚያ ወዲህ ለጥቁርና ነጭ የቤተሰብ ፎቶ ከደማቅ ቪዲዮ ጋር ሲሆን ማባዛትን፣ ለሌሊት ቪዲዮና ለጽሑፍ መደመርን፣ ለቀለም ፎቶ ደግሞ አልፋን እጠቀማለሁ። ይህን መምረጥ የምችለው ስሌቱ ፊቴ ላይ ስላለ ነው። በማቀናበሪያ ፕሮግራሞች ውስጥ እነዚህ ሁሉ በአንድ ዝርዝር ውስጥ ስም ብቻ ሆነው ይቀመጣሉ፤ ሰው እየነካካ ያማረውን ይወስዳል። ፒዩር ዳታ ላይ ግን ቁጥሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚገባ በገመዱ ይታያል። ለምን ፊቱ እንደጠፋ ለደንበኛ ማስረዳት ትችላላችሁ፤ ደንበኛም ይረዳል።

ማባዛቱን በፒክስ መልቲፕላይ ስሠራ ሸክሙ ወደ ፕሮሰሰሩ ይመለሳል። ሁለት መፍትሔ አለኝ። አንደኛው ፎቶውንም ቪዲዮውንም ወደ 640 በ360 ማውረድ ነው፤ ያረጀ ፎቶ በሸራ ላይ በዚያ መጠን ቢታይ ብዙም አይጎዳም፤ የስሌቱም ብዛት ከ1280 በ720 ጋር ሲነጻጸር ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ሁለተኛው ጄም ጂኤልኤስኤል የሚባለውን የግራፊክስ ካርድ ቋንቋ ስለሚቀበል ማባዛቱን እዚያ መጻፍ ነው፤ ዋናው ስሌት የአንድ መስመር ብዜት ነው። ይህኛው ለጀማሪ አይሆንም፤ ነገሩ የገባው ሰው ግን ይሞክረው፤ ላፕቶፑ እፎይ ይላል።

ፎቶው ቀስ ብሎ እንዲመጣና ቀስ ብሎ እንዲሄድ የሚያደርገው ላይን የሚባለው ሳጥን ነው። "1 3000" የሚል መልእክት ስትሰጡት በሦስት ሰከንድ ውስጥ ካለበት ተነሥቶ 1 ይደርሳል፤ "0 3000" ስትሉት ይመለሳል። ይህን ከከለር አርጂቢ የቀኝ መግቢያ ጋር ማያያዝ ነው። ሽማግሌው ምርቃቱን ቢያስረዝሙ ፎቶው እዚያው ይቆያል፤ "አሜን" ሲባል አንድ ቁልፍ እነካለሁ፤ ይሄዳል። አዳራሹን የሚመራው ሰው እንጂ ፋይል አይደለም።

ከሁሉ በላይ የምወድለት ግን ድምፅን ነው። ፒዩር ዳታ ለሙዚቃ የተሠራ ስለሆነ ማይክራፎን የሚሰማውን ወደ ቁጥር መቀየር ለእሱ ቀላል ነገር ነው። ኤዲሲ የሚባለው ሳጥን ድምፁን ያስገባል፤ ኤንቭ የሚባለው የድምፁን ጉልበት በዲሲቤል ያወጣል፤ ከፍተኛው 100 አካባቢ ነው። ከዚያ ላይ 60 ቀንሼ ለ40 አካፍላለሁ፤ ከ0 እስከ 1 ባለው ውስጥ እንዲቆይ ክሊፕ በሚባለው ሳጥን አግዳለሁ፤ ላይን ላይ በ100 ሚሊሰከንድ አለሰልሰዋለሁ። የሚወጣው ቁጥር የፎቶው ውፍረት ይሆናል። ከበሮው ሲመታ የሙሽሮቹ የልጅነት ፎቶ በጭፈራው ቪዲዮ ላይ ብቅ ይላል፤ ከበሮው ሲያርፍ ይሳሳል። ሚዜዎቹ ይህን ሲያዩ ከበሮ መቺውን ከበው ሆን ብለው ያስመቱታል። ድሬ ውስጥ አንድ ሠርግ ላይ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ይዘፈናል፤ ምቱ ይለያያል፤ አስቀድሞ የተቀናበረ ቪዲዮ ሁሉንም ሊከተል አይችልም፤ ይሄ ግን የሰማውን ነው የሚከተለው። 60 የሚለውን ቁጥር እንደ አዳራሹ ጫጫታ ከፍና ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ጄኔሬተር አጠገብ ካለ ከፍ አድርጉት።

ለጀማሪ የሚከብዱትን ሳልደብቅ ልናገር። ጄም ራሱን ሲያስነሣ በሰከንድ 20 ፍሬም ብቻ ነው የሚሥለው፤ ቪዲዮው 25 ከሆነ መንቀጥቀጥ ይታያል። ለጄምዊን "ፍሬም 25" የሚል መልእክት መላክ ነው፤ ይህን ሳያውቁ ላፕቶፑን የሚራገሙ አሉ። የሳጥን መግቢያዎችም ሥርዓት አላቸው፦ በአብዛኛው ሥራውን የሚያስጀምረው የግራው መግቢያ ነው፤ የቀኙ ዋጋውን ይዞ ይጠብቃል፤ ከአንድ ሳጥን ብዙ መውጫ ካለ ደግሞ መልእክቱ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚወጣው። እንደ ዐረብኛ ጽሑፍ ማለት ነው፤ መጋላ በሚባለው የድሬ ሰፈር ያደገ ሰው አይቸገርም።

ቪዲዮዎችን ሁሉ እንደመጡ አይቀበልም፤ የትኛውን እንደሚከፍት በኮምፒውተሩ ላይ ባሉት የቪዲዮ መፍቻዎች ይወሰናል። ስልክ የሚቀርጸው ኤች 264 ብዙውን ፍሬም የሚያስቀምጠው ከአጠገቡ ካሉት ፍሬሞች በተለየበት ልክ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከመሃል ወደ መሃል መዝለል ይከብደዋል። ኤምጄፔግ ግን እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው ሙሉ ፎቶ አድርጎ ስለሚያስቀምጥ የፈለጋችሁት ላይ ወዲያው ይደርሳል፤ ፋይሉ ይገዝፋል እንጂ ሥራው ይቀላል። ሠርግ ከመሄዴ በፊት ሁሉንም ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ወደ ኤምጄፔግ እቀይራለሁ።

ፎቶዎችም መሰናዶ ይፈልጋሉ። 4000 በ3000 የሆነ የስልክ ፎቶ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ሲዘረጋ 48 ሜጋባይት ይወስዳል፤ 1280 በ960 ሲሆን 4.9 ብቻ ነው። ፕሮጀክተሩ ከዚያ በላይ ካላሳየ ትልቁን መሸከም ትርፉ ድካም ነው። ከቀነስኳቸው በኋላ በተከታታይ ቁጥር እሰይማቸውና ፒክስ መልቲ ኢሜጅ ለሚባለው ሳጥን እሰጠዋለሁ፤ ሁሉንም አስቀድሞ ይጭናል፤ ቁጥር ስሰጠው ያንን ፎቶ ያለመዘግየት ያወጣል።

ዳራው የተቆረጠለት ፎቶ ከሆነ ፒኤንጂ የሚባለው የፎቶ ፋይል ዓይነት መሆን አለበት። ጠርዙ ላይ ጥቁር ወይም ነጭ ክር ከታየባችሁ መንስኤው በማይታየው ክፍል ሥር የተደበቀው ቀለም ነው፤ ካርዱ ምስሉን ሲያሳንስና ሲያሳድግ ጠርዙ ላይ ያንን ቀለም ይቀላቅለዋል። ጊምፕ በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ስታወጡት የማይታዩ ፒክስሎችን ቀለም አስቀምጥ የሚለውን ምርጫ አብሩት፤ የጠርዙንም ቀለም ትንሽ ወደ ውጭ አስፉት። ለአማርኛ ጽሑፍም የምጠቀመው ይህንኑ መንገድ ነው። የሙሽሮቹን ስም በሚያምር ፊደል ውጭ ጽፌ፣ ዳራውን አጥፍቼ፣ እንደ ፎቶ አስገባዋለሁ። ፊደላችን በዚያ መጠን ስክሪን ላይ ሲወጣ የእጅ ጽሑፍ ውበቱ እንዲጠበቅ እፈልጋለሁ፤ በችኮላ የተጻፈ የሙሽራ ስም ያናድደኛል።

ሌላው፣ የስህተት መልእክቶቹ ሁሉ በእንግሊዝኛ ናቸው፤ አጭርም ናቸው። የእገዛ ገጾቹ ግን በጣም ጥሩ ናቸው። ማንኛውም ሳጥን ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ "ሄልፕ" ስትሉ የሚከፈተው ማብራሪያ ራሱ የሚሠራ ፓች ነው፤ ቁጥሩን እየነካችሁ ታዩታላችሁ፤ ቆርጣችሁም ወደ ራሳችሁ ገጽ ትወስዳላችሁ። እንግሊዝኛው ደካማ የሆነ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ትምህርቱን ያገኘው ከእነዚህ ገጾች ነው፤ አንድም የጽሑፍ መመሪያ አላነበበም፤ ዛሬ የመድረክ ስክሪን ብቻውን ይዞ ይወጣል።

ፎቶ ደርቦ፣ ቆርጦ፣ በዲቪዲ ወይም በፍላሽ ለሚያስረክብ ሰው ይህን አልመክርም፤ ያለው ማቀናበሪያ ይበቃዋል። ቶሎ የሚያብረቀርቅ ነገር ለሚፈልግም አይሆንም፤ ፒዩር ዳታ ሲከፈት ነጭ ገጽ ብቻ ነው፤ የተዘጋጀ ማሸብረቂያ የለውም። መድረክ ላይ በቀጥታ ለሚሠራ፣ ድምፅና ምስል እንዲነጋገሩለት ለሚፈልግ፣ ላፕቶፑ ላረጀበት፣ የሚሠራው ነገር ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ማወቅ ለሚወድ ሰው ግን ከዚህ የተሻለ አላየሁም። የቲያትር ልጆች፣ ሐረር ጁገል ውስጥ በግድግዳ ላይ ምስል ለማሳየት የምታስቡ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ የኮምፒውተር ክበብ ያላችሁ መምህራን፣ ይመለከታችኋል።

ለጀማሪ የሚሆን ትንሽ ፓች አዘጋጅቻለሁ፤ አንድ ቪዲዮ፣ አሥር ፎቶ የሚይዝ፣ መደመር፣ ማባዛትና አልፋ ጎን ለጎን ያሉበት፣ የከበሮውም ክፍል የተካተተበት ነው። በየሳጥኑ አጠገብ ምን እንደሚሠራ በአማርኛ ጽፌበታለሁ። ድሬ ያላችሁ ፍላሽ ይዛችሁ ኑ፣ ከነፕሮግራሙ እገለብጥላችኋለሁ። ሐረር ያላችሁም ላኩ፤ በሚኒባስ እሰድላችኋለሁ። ቅዳሜና እሑድ ግን ሠርግ ላይ ስለምሆን በሌላ ቀን ይሁን።